የባትሪ ውሃ ያለቀ ዕለት

ከአዳዳ ጋር የተጣላሁት በዝገት ምክንያት ነው። ሌላው ሰው በመሬት ይጣላል፣ በውርስ ይጣላል፣ በባል ይጣላል። እኔ ከአባቴ ታላቅ እህት ጋር አራት ዓመት ሙሉ ዐይን ለዐይን ሳንተያይ የኖርኩት መዳፍ በማትሞላ መስታወት ላይ በተለቀለቀች ቀይ ዝገት ሰበብ ነው። ለሰው ሳወራው ይስቃል። ይሳቅ። እኔን ገና አላሳቀኝም።

አዳዳ ማለት በእኛ በከሚሴ ሰዎች አፍ የአባት እህት ናት። እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አዳዳ "ልጂቱን ላጽናና" ብላ ለሳምንት መጣች፣ ይኸው እስከ ዛሬ አለች። አሳድጋኛለች፤ አልክድም። ግን ያሳደገችኝ እንደ ኬላ ፈታሽ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ታስቆመኝና ከጫማዬ እስከ ሻሼ ትመረምረኛለች። ብርጭቆ ላይ የጣት አሻራ ካየች ከብርጭቆው በፊት የምታጠበው እኔ ነኝ። "ንጽህና የኢማን ግማሽ ነው" ትላለች። ምላስን መግራት በሌላኛው ግማሽ ውስጥ እንዳለ የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ብሆን ከእሷ እጅ ወጥቼ ማር የሚንጠባጠብበት አንደበት ይኖረኛል ተብሎ አይጠበቅም።

በዚያን ጊዜ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ውሃን በፀሐይ ብርሃን መሰንጠቅ ነው። ውሃ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ተነጥሎ ከወጣ ነዳጅ ይሆናል፤ ሲነድም ጭስ የለው፣ የሚተወው መልሶ ውሃ ነው። መነጠሉ ግን ጉልበት ይጠይቃል። ያንን ጉልበት ከፀሐይ ተቀብሎ ለውሃው የሚያቀብለው ነገር ከፊል አስተላላፊ ይባላል። እንደ መዳብ ኤሌክትሪክን ዝም ብሎ አያሳልፍም፣ እንደ ድንጋይም ጭራሽ አይከለክልም፤ ብርሃን ሲነካው ይነቃል። ችግሩ ሁሉን ያሟላ አለመገኘቱ ነው። በስልካችን ሆድ ውስጥ ያለው ሲሊከን ብርሃን ይወዳል፣ ውሃ ውስጥ ሲነከር ግን ይበላሻል። ለግድግዳ ቀለም የሚገባው ነጩ የታይታኒየም ዱቄት ውሃ አይፈራም፣ ከፀሐይ ብርሃን ግን የሚቀበለው ዐይናችን የማያየውን ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ሌላውን አይነካውም።

ዝገት ሁለቱንም ይችላል። የታወቀው ቀዩ የብረት ዝገት፣ የቆርቆሮ ጣሪያችንን የሚበላው። የሚታየውን ብርሃን ይቀበላል፣ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ውሃ ውስጥ ሳይሟሟ ይቆያል፣ በየሜዳው ይገኛል። አንድ ነውር ግን አለበት። ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ከቦታው ሲነቅለው በስፍራው ባዶ ቦታ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ ውሃው ዘንድ ከደረሰ ከውሃው ኤሌክትሮን ይነጥቅና ኦክስጅኑን ያስለቅቃል። በዝገት ውስጥ ግን ተነቃዩና ባዶው ቦታ አንድ እርምጃ ሳይራመዱ መልሰው ይገናኛሉ፤ ብርሃኑም ከንቱ ይቀራል። የሚያማክሩኝ መምህር "የዝገት ጣጣው፣ የተለያዩት ቶሎ መታረቃቸው ነው" ይሉ ነበር። የእኛ ቤት ሰዎች በዝገት ተፈጥሮ ቢፈጠሩ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ።

መድኃኒቱ ዝገቱን እጅግ ስስ አድርጎ መለቅለቅ ነው፤ ባዶው ቦታ ውሃው ጋ ለመድረስ ሩቅ እንዳይሄድ። ዓመታቴ ያለቁት በዚህ ነው። ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ መስታወት ላይ ለቀለቅኩ፣ በምድጃ ጋገርኩ፣ ለካሁ፣ ጣልኩ። ከጣልኳቸው ብዛት አንዷ ብቻ ሠራች። ለምን እሷ እንደሠራችና እህቶቿ እንዳልሠሩ በደንብ አላውቅም ነበር፤ አሁን የማውቅ መስዬ አስተምራለሁ።

ልክ እሷ ስትገኝ ፀሐይን አስመስሎ የሚያበራው የላቦራቶሪው መብራት ተቃጠለ። መለዋወጫ ተጠየቀ፣ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ጊዜዬ አለቀ። መምህሬ ጠሩኝና ቁርጡን ነገሩኝ፤ መስታወቷ ለተከታታይ አሥር ቀን ሳትደክም መሥራቷን የሚያሳይ ልኬት ከአረፋ በዓል መልስ ካላመጣሁ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ። "ፀሐይ እንደሆነ እናንተ አገር ሞልቷል" አሉኝ። ያሾፉ መስሎኝ ነበር፤ የምራቸውን ነው። መስታወቷን በጥጥ ጠቅልዬ፣ ዕቃዬን በካርቶን አሽጌ፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ከሚሴ ገባሁ።

ከውሃ ታንከራችን አጠገብ ካለችው የሲሚንቶ መደብ ላይ ዘረጋሁት። አንድ የብርጭቆ ዕቃ፣ በውስጡ ኮስቲክ ሶዳ የተበጠበጠበት የተጣራ ውሃ፣ በአንድ በኩል መስታወቷ፣ በሌላ በኩል የፕላቲኒየም ሽቦ፣ የምታግዝ ትንሽ ባትሪ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት መለኪያ። በየግማሽ ሰዓቱ ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ፀሐይ ስትወጣ ሽቦው ላይ ጥቃቅን አረፋ ይንጠለጠላል፤ ያ ሃይድሮጅን ነው። የሕይወቴ ሁሉ ውጤት ያ አረፋ ነበር፣ የለስላሳ አረፋ እንኳ ከእሱ ይበልጣል።

አዳዳ በመጀመሪያው ቀን ወገቧን ይዛ ቆመችና አየችው።

"ማል ታቴ? ምን ሁነሽ ነው ዝገት ፀሐይ ላይ የምታሰጭ? በርበሬ መሰለሽ?"

"ምርምር ነው፣ አዳዳ።"

"ምን ይሆናል?"

"ውሃውን ይሰነጥቃል።"

"አኡዙቢላህ! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ አላህ ያሳይሽ" አለችና ሄደች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። የጎረቤት ሴቶች በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው "አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ ዛሬስ ተሰነጠቀልሽ?" ይሉኛል። አዳዳ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የእኛ ዶክተር ጓሮ ነች፣ ዝገት ታሰጣለች" ትላለች፤ እንግዳውም ሻይ ይዞ ሊያየኝ ይመጣል። አባቴ ብቻ ነበር የማይናገረው። በግቢያችን ባለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ወንበሩን አድርጎ ብርጭቆውን ይዞ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ "ቁጥሩ እንዴት ነው?" ይለኛል። ቁጥሩ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ስድስት ቀን፤ መስታወቷ ንቅንቅ አላለችም። እኔም የመጨረሻው ቀን ደርሶ ደብተሩን አዳዳ አፍንጫ ላይ የምዘረጋበትን ሰዓት እየቆጠርኩ በጥላቻ ተጽናንቼ እኖር ነበር።

የከሚሴ ሙቀት ግን ውሃውን ይጠጣዋል። በየቀኑ ከብርጭቆው ሁለት ሦስት ጣት ይጎድላል፤ የጎደለውን በተጣራ ውሃ መሙላት አለብኝ። በከተማችን የተጣራ ውሃ የሚባለው የመኪና ባትሪ ውስጥ የሚጨመረው ነው። በሰባተኛው ቀን ዋናው መንገድ ዳር ያለው የመኪና ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። "የባትሪ ውሃ አልቋል፤ ነገ ከደሴ ይመጣል" አለኝ። ሁለተኛውም ሱቅ አልቋል። በባጃጅ ተመለስኩ፤ ስደርስ የመስታወቷ ራስ ከውሃው በላይ ወጥቶ ደርቋል። ፀሐዩ አናት ላይ ነው። ሥራው ከተቋረጠ አሥሩ ቀን እንደገና ከአንድ ይጀመራል፤ እንደገና ለመጀመር ደግሞ ቀን የለኝም።

የቧንቧ ውሃ በማንቆርቆሪያ ቀድቼ ስወጣ አዳዳ ልብስ ታሰጣ ነበር። ማንቆርቆሪያውን አየችው።

"የቧንቧውን ልትጨምሪበት ነው?"

አልፌያት ወደ መደቡ አመራሁ።

"ተይ። ይህ ውሃ ነጭ ይተዋል። የማንቆርቆሪያዬን ሆድ አላየሽም? የበልግ ዝናብ በርሚሉ ሙሉ አለልሽ፣ ከእሱ ቅጂ።"

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ትክክል ነበረች። ትክክል መሆኗንም አውቅ ነበር። የውሃችን ጠጣርነት ምን እንደሆነ፣ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ኮስቲክ ሶዳ ሲያገኝ ነጭ ሆኖ እንደሚዘቅጥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። የዝናብ ውሃ ደግሞ ያን ያህል ጨው የለበትም። ከሌላ ሰው አፍ ቢወጣ "እውነትሽን ነው" ብዬ ወደ በርሚሉ እሮጥ ነበር። የወጣው ግን ከእሷ አፍ ነው፤ ስድስት ቀን ሰው ካሳቀችብኝ አፍ።

"አዳዳ፣ ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ" አልኳት። የቧንቧውን ውሃ እያየችኝ አንቆረቆርኩት።

"እሺ፣ እንግዲህ" አለች። ወደ ልብሷ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ውሃው ወዲያው ደፈረሰ። ከደቂቃዎች በኋላ የኖራ ውሃ መሰለ። መለኪያው ላይ ቁጥሩ ይወርድ ጀመር፤ ባትሪውን ነካካሁ፣ ሽቦውን አጠበቅኩ፣ መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዞርኩ፤ ከንቱ። የአስር ሰላት ሳይሰገድ ዜሮ አጠገብ ደረሰ። አውጥቼ ሳያት ቀዩ ዝገት ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። በደካማ አሲድ ቀስ ተብላ ብትነከር ምናልባት ትነሣ ነበር፤ አሲድ ግን ይዤ አልመጣሁም። ኩሽናችን ውስጥ ሎሚ በእንቅብ ሙሉ እንዳለ ትዝ አላለኝም። ኬሚስትሪ የተማርኩት እኔ ነኝ። በውሃ አለቅልቄ መስኮቱ ደፍ ላይ ጣልኳትና ራስ ምታት ነው ብዬ ተኛሁ። ለማንም አልነገርኩም። በተለይ ለእሷ።

በማግስቱ የአረፋ ዋዜማ ነበር። በዋዜማ አዳዳ ቤቱን ከነሰዉ ታጥባለች፤ መጋረጃ ይወርዳል፣ ምንጣፍ ይወጣል፣ ብረት የሆነ ሁሉ በአመድ ይፈገፈጋል። እኔ ጠዋት የባትሪ ውሃ መጥቶ እንደሆነ ብዬ ወጣሁ፤ ለምን እንደወጣሁ እንጃ፣ ከቤቱ ለመሸሽ ይሆናል። ስመለስ መስታወቷ የታጠበ ዕቃ መደርደሪያ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆዎች አጠገብ ተደግፋ ቆማለች። ታበራለች። ቀይም የለባት፣ ነጭም የለባት። ከጎኗ የተጨመቀ ሎሚና የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አለ።

የጮህኩትን ጩኸት አልረሳውም። ሰው የሞተ መስሏቸው ጎረቤቶች በሩን ገፍተው ገቡ። "ገደልሽኝ! የስንት ዓመት ልፋቴን ገደልሽው!" አልኩ። አዳዳ እጇ እንደራሰ ቆማ ቀረች።

"ምን አረግኩ? ዝገቱን ነው ያስለቀቅኩልሽ። ነገ አረፋ ነው፣ መስኮት ላይ ዝገት ተጎልቶ እንግዳ ምን ይላል ብዬ ነው።"

"ትሠራ ነበር! እስከ ትናንት ትሠራ ነበር!"

ልብ በሉ፤ ቃሉ ሐሰት አይደለም። እስከ ትናንት ትሠራ ነበር። ቁጣዬም እውነተኛ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ በራሴ ላይ ስቋጥረው ያደርኩት ቁጣ ነው። ብቻ ባለቤቱ እኔ ሆኜ ሳለ አንሥቼ እሷ ላይ ጫንኩት፤ ስጭነው ደግሞ እንዴት እንደቀለለኝ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ጎረቤቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። የሳቁብኝ ሴቶች በሙሉ ወደ እሷ ዞሩ። "ምነው አንችም፣ የልጅቱን ዕቃ ሳትጠይቂ" አለች አንዷ። አዳዳን በሰው ፊት እንዲያ ያላት ሰው ከዚያ በፊት አላውቅም።

በዚያው ቀን የተፈገፈገችውን መስታወት በስልኬ አንሥቼ ለመምህሬ ላክሁ። ናሙናው በቤት ውስጥ ጽዳት ሳቢያ ጠፍቷል ብዬ ጻፍኩ። ደወሉልኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ራራልኝ፤ ከራሴ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ተብሎ አንድ ሴሚስተር ተጨመረልኝ። ከትምህርቱ አልተባረርኩም። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ መመለሻ አልነበረኝም፤ ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ይባል የለ።

አረፋን ተኳርፈን ዋልን። አዳዳ ምግቡን አቅርባ ኩሽና ገባች፤ እኔ ክፍሌ ውስጥ በላሁ፤ አባቴ ከሰንበቴ ገበያ የተገዛውን ሙክት ሥጋ ፊቱ አስቀምጦ ብቻውን ቁጭ አለ። በእኛ አገር በአረፋ ተኳርፎ መዋል ነውር ነው። ስለዚህ በበዓሉ ማግስት ሽማግሌዎች የተኳረፈ ሰው ያለበትን ቤት እያንኳኩ ይዞራሉ፤ ማን ቤት ምን እንዳለ ደግሞ ሁሌም ያውቃሉ። እኛ ቤት ሦስት ሆነው መጡ። ኒሙ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። ሥርዓታቸው አጭርና ክፉ ነው፤ የሌላውን በደል መናገር አይፈቀድም። እያንዳንዱ የራሱን ጥፋት ብቻ ተናግሮ "አፉ በሉኝ" ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። የራሱን ትቶ የሌላውን የጀመረ ሰው "እሱን አልጠየቅንህም" ይባላል።

በዕድሜ ትበልጣለችና አዳዳ ጀመረች። ሕይወቷን ሙሉ ማንንም ይቅርታ ስትጠይቅ አይቻት አላውቅም፤ ለአባቴም፣ ለጎረቤትም። ተነሣች። ሻሿን አስተካከለች።

"ሳልጠይቃት ዕቃዋን ነካሁ። ያልገባኝን ነገር ፈገፈግኩ። ጥፋቴ ነው። አፉ በይኝ" አለች። አንገቷ ወደ መሬት ነበር።

እዚያ ላይ "ቆይ" ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንችስ፣ ኢንተላ ኮ?" አሉኝ ትልቁ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ያንችን ንገሪን።"

"በታላቄ ላይ ጮህኩ" አልኩ። "ድምፄን ከፍ አደረግኩባት። አፉ በይኝ፣ አዳዳ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ትልቁ ሽማግሌ ጥቂት አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዱዓ ተደረገ፣ ፋቲሃ ተቀራ፣ ትከሻዋን ሳምኩ፣ ትከሻዬን ሳመች። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አሉ ሲነሡ። ሲሄዱ ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ነው፤ እኔ ግን ለእኔ ብቻ ያሉት መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ታርቀን ተኳረፍን። ሰላምታ አለ፣ ሌላ የለም። በዓል በዓል ስመጣ ክፍሌን አትጠርግም፣ ልብሴን አታጥብም፣ ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ እንኳ አታነሣም። እንግዳ ባለበት "የእሷን ንብረት አልነካም፤ ዝገቱ የቱ ወርቁ የቱ እንደሆነ እኔ የማውቀው የለኝም" ትላለች። የተፈገፈገችውን መስታወት ግን ወሰደቻት። ልክ የሻይ ብርጭቆ አፍ ታክላለች፤ ዝንብ እንዳይገባ የአባቴን ሻይ ትከድንባታለች። በመጣሁ ቁጥር ፊቴ ትቀርባለች። ሆን ብላ እንደሆነ አልጠራጠርም ነበር፤ እጠላት ነበር፣ ሻዩንም ጭምር።

መብራቱ ተጠገነ፤ አዲስ መስታወት ለቀለቅኩ፣ ከብዙ ውድቀት በኋላ ሠራች፣ ተመረቅኩ። ዶክተር ተባልኩ። በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ናሙና ለምን ልኬቱ በሰባተኛው ቀን እንደቆመ የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ጽዳት ይላል። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ አዳዳ በአማርኛም አታነብም። በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ከስሜ ጋር የእሷ ጥፋት ተጠርዞ ተቀምጧል።

ዘንድሮ ለአረፋ አራት ቀን ቀደም ብዬ መጣሁ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ አባቴ ወደ መስጊድ ወጥቷል። አዳዳ ሻይ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች፤ ላዩ ላይ ያቺው መስታወት አለች። ማንቆርቆሪያውን አጠገቤ አድርጋ ተቀመጠች። ከእኔ ጋር ተቀምጣ አታውቅም ነበር። አርጅታለች፤ ዐይኗ ደክሟል፣ ምላሷ ግን እንዳለ ነው።

"ያቺ መስታወትሽ" አለች፣ "ሁለት ነገር ነበረባት። ቀይና ነጭ። ነጩ ከላይ ነበር።"

ዐይኔን ከመስታወቷ ላይ አነሣሁ።

"ማንቆርቆሪያ ስፈገፍግ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ነጩ ከምን እንደመጣ አላጣውም። በርሚሉንም ከፍቼ አይቻለሁ፤ እንደሞላ ነበር።"

"ታውቂ ነበር?" አልኳት። "ታዲያ ሽማግሌዎቹ ፊት ለምን አልተናገርሽም? ለምን አፉ በይኝ አልሽኝ?"

"ጥፋትሽን ተናገሪ ነዋ የተባልኩት። ሳልጠይቅ ነክቻለሁ፣ በሽቦ ፈግፍጌያለሁ። ጥፋቴ ነው፣ ተናገርኩ። ያንችን እንድናገር ማን ጠየቀኝ?"

አራት ዓመት ሙሉ ጠብቃኛለች። በየበዓሉ መስታወቷን እንደ መጥሪያ ፊቴ ስታስቀምጥ፣ እኔ ደግሞ እንደ ስድብ ስቆጥረው። ጠላኋት። ልክ ስለነበረች ጠላኋት፣ እንደገና። ከዚያ ግን ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ቃሉ ከአፌ ወጣ።

"አዳዳ፣ አፉ በይኝ" አልኩ። "ቀድማ ሞታ ነበር። የገደልኳት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ አፉ በይኝ።"

አላለቀሰችም፤ አቅፋ አልሳመችኝም። እንዲያ ያለ ነገር ከእሷ የሚጠብቅ እሷን አያውቃትም።

"እዚህ? በሻይ?" አለች። "የእኔ ሽማግሌ ፊት ነበር፤ ጎረቤት በአጥር እያየ። ያንችም እንደዚያው ነው።"

"ከሦስቱ ሁለቱ ሞተዋል እኮ።"

"አላህ ይማራቸው። ትልቁ በሕይወት አሉ።"

"ጆሯቸው ጭራሽ አይሰማም ይባላል። በጆሯቸው ሥር ካልጮኹባቸው…"

"ጩሂያ" አለች አዳዳ። "ሰፈሩም ይስማ። መጮህ መቼ ቸግሮሽ ያውቃል?"

መስታወቷን ከሻዬ ላይ አነሣች፤ በሻሿ ጫፍ ግራ ቀኙን ጠረገቻትና መልሳ ከደነችው።